«ምን ጎደለህ?» ከማለት በፊት

ኮዬ ፈጬም ይሁን የካ አባዶ፣ ቡራዩም ይሁን ለገጣፎ፣ አንድ ሰው «መኖር አስጠላኝ» ብሎ ከአፉ ሲያመልጠው የሚያገኘው መልስ ያው ነው። እናት «በስመ አብ በል! ሰይጣን ነው» ትላለች። ጓደኛ «ተው እንጂ፣ ስንቱ አለ ካንተ የባሰ» ይላል። ታላቅ ወንድም «ወንድ አይደለህም እንዴ?» ብሎ ይቆጣል። አጎት ደግሞ «ቆይ ምን ጎደለህ?» ይላል። ጎረቤት ሰምቶ እንዳልሰማ ያልፋል። ማናቸውም ክፉ አስበው አይደለም፣ ደንግጠው ነው። ችግሩ እነዚህ መልሶች ሰውየውን እየገፋው ያለውን ሐሳብ ማጠንከራቸው ነው። ለምን እንደሚያጠነክሩት ለማየት ሐሳቡ ከውስጥ ምን እንደሚመስል ማወቅ ያስፈልጋል።

ራሱን ለማጥፋት የሚያስብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው ስቃዩ እንዲያበቃ እንጂ ሞትን አይደለም። ስለዚህ ሁለት ልብ ነው። ጠዋት «ዛሬ ያልቅልኛል» ብሎ ያሰበ ሰው ከሰዓት በኋላ ለሚቀጥለው ሳምንት ሽሮ ያስፈጫል። ይህን ያየ ቤተሰብ «የምሩን ቢሆን ኖሮ…» ብሎ ይዘናጋል፤ ግን ሁለቱም የምር ናቸው። ጉዳዩን ዕድሜ ልኩን ያጠናው አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ኤድዊን ሽናይድማን አጥብቆ የተናገረው አንድ ነገር አለ፦ የውስጥ ሕመም ሲበረታ አእምሮ ይጠብባል። ጥርሱን ያመመው ሰው ሌሊት ስለ ልጁ ሠርግ አያስብም፤ ሐሳቡ ሁሉ ጥርሱ ላይ ነው። «ነገ ሌላ ቀን ነው» የሚለው ምክር ጆሮው ውስጥ የማይገባው ለዚህ ነው። በዚያ ሰዓት ነገ የሚባል ነገር አይታየውም።

ቶማስ ጆይነር የተባለ ሌላ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው ንድፈ ሐሳብ ሁለት ስሜቶች አንድ ላይ ሲገጥሙ አደገኛ እንደሚሆኑ ጻፈ። አንደኛው «የኔ የምለው ሰው የለኝም»፣ ሁለተኛው «ሸክም ሆኛለሁ፤ እኔ ባልኖር ይቀላቸዋል» ነው። ሁለተኛውን ልብ በሉት። ከከተማው ዳር የሚኖር ሰው እዚህ ስሜት ውስጥ የሚገባባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው። ከአረብ አገር ተመልሳ ስትልክ የነበረው ገንዘብ የተቋረጠባት ልጅ፣ የግንባታ ሥራው ቆሞበት የኮንዶሚኒየሙን የባንክ ክፍያ ያልከፈለ አባት፣ ታምሞ ለመድኃኒት ከልጆቹ እጅ የሚጠብቅ ሽማግሌ ሁሉም አንድ ዓይነት ሒሳብ ይሠራሉ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤትም አለ። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ቀሪው ከ96 በመቶ በላይ የሆነ ወጣት ውጤቱ በወጣ ሰሞን ቤቱ ምን ተብሎ እንደተቀበለው አስቡት።

የመጀመሪያውን ስሜት፣ ማለትም የኔ የምለው የለኝም የሚለውን፣ አካባቢው ራሱ ያባብሰዋል። ከፒያሳ ወይም ከካዛንቺስ ተነስቶ ዳር የወጣ ሰው ያጣው ቤቱን ብቻ አይደለም። ጠዋት ቡና የሚጠራሩት ጎረቤት፣ እድሩ፣ ዱቤ የሚሰጠው ባለሱቅ፣ ሲቀር «ምነው ጠፋ?» የሚል ሰው ሁሉ አብሮ ይቀራል። አዲሱ ብሎክ ላይ አራተኛ ፎቅ የሚኖረው ሰው ሦስት ቀን በሩን ባይከፍት ሰው ላያውቅ ይችላል።

አሁን ወደ መልሶቹ እንመለስ። «ኃጢአት ነው» ስንለው ሸክም ነኝ ብሎ የሚያምነው ሰው ላይ ኃጢአተኛነትን እንጨምርበታለን። «ካንተ የባሰ አለ» ስንለው ይህችን ትንሽ ነገር መሸከም ያቃተኝ ደካማ ነኝ ብሎ ይሰማዋል። «ምን ጎደለህ?» መልስ የሚጠይቅ ጥያቄ ስለሆነ የሚቆጥረው ነገር ሲያጣ ያፍራል፣ ሁለተኛም አይናገርም። ሰዎች በጣም ጠንካራ ነው ብለው የሚያስቡት «ለልጆችህ ስትል ኑር» የሚለው ነው፤ እኔ ግን ከሁሉም የምፈራው እሱን ነው። ሰውየው ልጆቹ ያለ እሱ ይሻላቸዋል ብሎ አስልቶ ጨርሷልና ክርክሩ በገዛ ሜዳው ይገጥመዋል። በጥቅሉ ከመናገር ይልቅ አንድ የተለየ ነገር ማንሳት ይሻላል፦ «ማታ ማታ ማሂን ሒሳብ የምታስጠናት አንተ ነህ። ትናንት ስትቀር አልተኛም ብላ ስትጠብቅህ ነበር።» ይህ ክርክር አይደለም፣ በእውነት የሆነ ነገር ነው።

ሃይማኖትን ለማጣጣል አይደለም። እምነት ብዙ ሰው በሕይወት አቆይቷል። የንስሐ አባትም ሆኑ የመስጊዱ ኢማም ሰውየው ለቤተሰቡ የማይናገረውን ሊሰሙ ይችላሉ። ጥያቄው ቅደም ተከተሉ ነው፤ መጀመሪያ ይሰማ፣ ከዚያ ይጸለይለት። እንጦጦ ወይም ሽንቁሩ ሚካኤል ጸበል የሚሄድ ከሆነ ሁለት ነገር ይታሰብ፦ ሐኪም ያዘዘለት መድኃኒት ካለ ጸበሉን ብሎ እንዳያቋርጥ፣ ደግሞም ብቻውን እንዳያድር። በድንገት የተቋረጠ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ሰውየውን ከነበረበት ወደ ባሰ ሁኔታ ሊጥለው ይችላል።

ምልክቱን መለየት በእኛ ቋንቋ ትንሽ ያስቸግራል፤ አማርኛ ተናጋሪ በቀን ስንቴ «እኔ ልሙት!»፣ «ሞት ይርሳኝ!» ይላል። በዚህ የሚደነግጥ የለም፣ መደንገጥም አያስፈልግም። ጆሮ የሚሰጠው ለአዲስ አነጋገር ነው፦ «ከእንግዲህ አላስቸግራችሁም»፣ «ተኝቼ ባልነሳ»፣ «ልጆቹን አደራ»፣ «ያኔ ታርፋላችሁ»። ከቃል በላይ ደግሞ ድርጊት ይናገራል። የሚወደውን ዕቃ ለሰው መስጠት፣ የ50 ብር ዕዳ ሳይቀር ዞሮ መክፈል፣ ዓመት ያልደወለለት ዘመድ ጋ ደውሎ ይቅርታ መጠየቅ፣ መጠጥ ማብዛት፣ ለቀናት እንቅልፍ ማጣት። እንቅልፍን ሰው ይንቀዋል፤ ሌሊቱን ሙሉ የሚንጎራደድ ሰው ግን አደጋው ከፍ ያለ እንደሆነ በጥናት የታወቀ ነው። ሳምንታት ሲረበሽ ከርሞ በድንገት ሰላም ያገኘ የሚመስል ሰውም አለ። ቤተሰብ «ተመስገን» ብሎ ዘወር የሚለው ያኔ ነው፤ መረጋጋቱ ግን ከውሳኔ የመጣ ሊሆን ስለሚችል ያን ቀን ነው መጠየቅ።

ሰው ስለ ራስ ማጥፋት በቀጥታ መጠየቅ የሚፈራው ሐሳቡን አስተምረዋለሁ ብሎ ነው። ጉዳዩ በተደጋጋሚ ተጠንቷል፤ መጠየቅ ሐሳቡን እንደማይተክል፣ እንዲያውም ብዙዎች ሲጠየቁ እንደሚቀላቸው ታይቷል። የሚበላሸው አጠያየቁ ነው። «ራስህን ልታጠፋ አላሰብክም አይደል?» ሲባል «አይ፣ ኧረ በፍጹም» ከማለት ሌላ ምርጫ የለውም። ቦታውም ይታሰብበት። አንድ ክፍል ቤት ውስጥ፣ እናቱ ሽንኩርት እየከተፈች፣ ግድግዳው የጎረቤት ሳል በሚያሰማበት አይጠየቅም። «ና እስቲ፣ እስከ አስፋልቱ አብረን እንውጣ» ብሎ ጎን ለጎን እየሄዱ መጠየቅ ፊት ለፊት ተቀምጦ ከማፋጠጥ ይቀላል። ለታናሽ ወይም ለእኩያ «ሰሞኑን ልክ አይደለህም፣ አይቼሃለሁ። ሰው እንዲህ ሲጨንቀው አንዳንዴ ራሱን ለማጥፋት ያስባል። አንተስ አስበሃል?» ይባላል። ለታላቅ ደግሞ «ጋሼ፣ ድፍረት አይሁንብኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ሕይወትዎን ለማጥፋት አስበው ያውቃሉ?» ከዚያ ዝም ማለት ነው። ዝምታው ይረዝማል፤ እንዳትሞሉት።

«አዎ» ካለ ደረጃውን ማወቅ ያስፈልጋል። ባለሙያዎች የሚጠቀሙበትን መመዘኛ ተራ ሰውም ሊጠይቀው ይችላል፣ ቅደም ተከተሉም እየጠነከረ ይሄዳል፦ ተኝተህ ባትነሳ ትመኛለህ? ራስህን ለማጥፋት አስበሃል? እንዴት እንደሆነ አስበሃል? አደርገዋለሁ ብለህ ቆርጠሃል? የጀመርከው ዝግጅት አለ? ባለፉት ሦስት ወራት የሞከርከው ወይም ጀምረህ ያቆምከው ነገር አለ? የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብቻ «አዎ» ከሆኑ አብሮ መዋል፣ ቤተሰብ ውስጥ አንድ ሰው መጨመርና በዚሁ ሳምንት ጤና ጣቢያ መውሰድ ይበቃል። መንገዱን አስቦ ገና ካልቆረጠ ያሰበውን ነገር ዛሬውኑ ማራቅ፣ ነገ ደግሞ ባለሙያ ጋ መድረስ ነው። የቆረጠ፣ ዝግጅት ያለው ወይም በቅርቡ የሞከረ ከሆነ ግን ዛሬ ነው፤ ሐኪም ጋ እስኪደርስ ብቻውን አይተውም፣ መጸዳጃ ቤት እንኳ ሲሄድ በሩ አይቆለፍም።

«ለማንም እንዳትናገር፣ ማልልኝ» ሊል ይችላል። አይማልም። «ለሰፈር አላወራም፤ አንተን ለማትረፍ ግን አንድ ሰው እጨምራለሁ፣ ማንን ልጨምር?» ማለት ይሻላል። ምርጫው የእሱ ሲሆን ክህደት አይመስለውም።

አሁን ብዙ ሰው የማያምነው ነገር። የመጨረሻው የከፋው ሰዓት አጭር ነው። ከሙከራ በኋላ በኦስትሪያ የተጠየቁ ሰዎች ግማሽ ገደማ የሚሆኑት ሐሳቡ ከመጣባቸው እስከ ሞከሩበት ያለው ጊዜ 10 ደቂቃ ወይም ከዚያ ያነሰ እንደነበር ተናግረዋል። ሞክረው ከተረፉት ውስጥም ከአሥሩ ዘጠኙ ገደማ ኋላ ራሳቸውን በማጥፋት አይሞቱም። «ዛሬ ብትከለክለው ነገ ያደርገዋል» የሚለው አነጋገር በማስረጃ አይቆምም ማለት ነው። ስሪላንካ አደገኛ የሆኑ የእርሻ ኬሚካሎችን ተራ በተራ ስታግድ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ (እ.ኤ.አ.) ራሱን የሚያጠፋው ሰው ምጣኔ ከሁለት ሦስተኛ በላይ ቀንሷል። የሰዉ ችግር አልቀነሰም፤ በዚያች አጭር ሰዓት እጁ የሚደርስበት ነገር ነው የቀነሰው።

ስለዚህ ሱሉልታ፣ ሰበታ ወይም ገላን ዙሪያ እርሻ ያለው ቤት ፀረ ተባይ መድኃኒቱን መኝታ ቤት አልጋ ሥር አያስቀምጥም። ተቆልፎ፣ ቁልፉም ሌላ ቤት ጎረቤት ጋ ቢሆን ይመረጣል፤ ሳይጠቀሙበት የተረፈ ካለ ከግቢ ይውጣ። የታዘዘ መድኃኒት የወር ሙሉው በሕመምተኛው እጅ አይሆንም፤ ቤተሰብ ይዞ የሁለት ሦስት ቀኑን ብቻ ይሰጠዋል። ሰውየው የነገራችሁ ሌላ ነገር ካለ እሱም ይራቅ። ይህ በድብቅ ሳይሆን ተነግሮት ይሁን፦ «ለጊዜው እኔ ጋ ይቀመጥ፣ ሲሻልህ እመልሳለሁ።» አረቄም ከዚሁ ይቆጠራል። ሐሳቡን አይፈጥረውም፣ የያዘውን ልጓም ግን ይፈታዋል። «ትንሽ ይርሳው» ብሎ ማጠጣት ከደግነት የሚመጣ ጥፋት ነው።

ሌሊት ሲሆን ዳር መኖር ይጎዳል። ታክሲ የለም፣ ሆስፒታሉ ሩቅ ነው። የሰፈሩን ባለመኪና ወይም ባለባጃጅ ስልክ አስቀድሞ መያዝ፣ የብሎኩን ጥበቃ ማስተባበር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የአዲስ አበባ እሳትና ድንገተኛ አደጋ 939 ነው። ሲደወል «ኮንዶሚኒየም» ብቻ አይበቃም፤ ሳይቱን፣ የብሎክ ቁጥሩን፣ የሚታወቅ ምልክት ተናግሮ አንድ ሰው አስፋልት ላይ ይቁም። ሰውየው የወሰደው ነገር እንዳለ ከተጠረጠረ ምልክት አይጠበቅም፣ «ደህና ነኝ» ቢልም በቅርብ ወደሚገኝ የድንገተኛ ክፍል ነው፤ በደቡብ በኩል ላሉት ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል አለ። እንዲያስመልስ አይደረግም፣ ወተትም ዘይትም አይሰጠውም፤ ራሱን ከሳተ በጎኑ ይተኛ፤ ዕቃው ወይም መጠቅለያው አብሮ ይወሰድ።

አካሉ ያልተጎዳ ከሆነ የአእምሮ ሕክምና ያለበት ቦታ ነው። በ1930 ዓ.ም. የተመሠረተው አማኑኤል ሆስፒታል፣ በምሥራቅ በኩል ኤካ ኮተቤ፣ እንዲሁም የቅዱስ ጳውሎስና የዘውዲቱ የአእምሮ ሕክምና ክፍሎች አሉ። ለመደበኛ ቀጠሮ ከጤና ጣቢያ የሪፈር ወረቀት ይዞ መሄድ ያዋጣል፣ በተለይ የጤና መድን ላለው። «አማኑኤል» ሲባል የሚሸሽ ብዙ ነው፤ እንደ ስድብ ያደረግነው እኛ ነን። ስሙ ካስፈራው ከጤና ጣቢያ መጀመር ይቻላል። ካርድ ክፍል ደርሶ ግን «ጨጓራውን አሞት ነው» ማለት አይረዳም። ቤተሰብ ከሐፍረት እንዲህ ብሎ ሰዓታት ወረፋ ይጠብቃል፣ ሐኪሙም የጨጓራ መድኃኒት አዝዞ ይሸኘዋል። «ራሱን ለማጥፋት አስቧል፣ ብቻውን ልንተወው አልቻልንም» የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው በሩን የሚከፍተው። ፖሊስ የሚፈራም አለ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 542 የሚቀጣው ሌላውን ሰው ራሱን እንዲያጠፋ ያነሳሳን ወይም የረዳን እንጂ የሞከረውን ሰው አይደለም።

ፀረ ድብርት መድኃኒት ከታዘዘ ለውጡ የሚታየው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት በኋላ ነው፤ አንዳንዱ ላይ ከዚያም ይዘገያል። በሳምንቱ «አልሠራም» ብሎ መጣል የተለመደ ስህተት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ ከ25 ዓመት በታች የሆነ ወጣት ላይ በተለይ፣ መቁነጥነጥና እረፍት ማጣት ከታየ ቀጠሮ ሳይጠበቅ ለሐኪሙ ይነገር።

ሰውየው ትንሽ ሲረጋጋ የሚሠራ አንድ ወረቀት አለ። ባርባራ ስታንሊና ግሬግ ብራውን የተባሉ አሜሪካውያን ያዘጋጁት የደህንነት ዕቅድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ጥናት ይህን ዕቅድ ከድንገተኛ ክፍል ይዘው የወጡና በስልክ ክትትል የተደረገላቸው ሰዎች በቀጣዮቹ ስድስት ወራት የነበራቸው ራስን የማጥፋት ድርጊት ዕቅዱን ካልያዙት በ45 በመቶ ገደማ ያነሰ ነበር። የሚጻፈው በራሱ ቃል፣ ከተቻለ በራሱ እጅ ነው። መጀመሪያ ሐሳቡ ሊመጣ ሲል የሚያውቀው ምልክት፦ «ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ ብቻዬን ስሆን፣ አበዳሪው ሲደውል»። ቀጥሎ፣ ሌላ ሰው ሳይረዳው ብቻውን የሚያደርገው ነገር፦ መታጠብ፣ መዝሙር ወይም መንዙማ መክፈት፣ ግቢውን መጥረግ። ሦስተኛ፣ ስለ ችግሩ ሳያወራ የሚቀመጥበት ቦታና ሰው፦ የፀጉር ቤቱ ልጅ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ዐፀድ፣ የኳስ ሜዳው ዳር። አራተኛ፣ በግልጽ የሚነገራቸው ሁለት ሦስት ሰዎች ከነስልካቸው። አምስተኛ፣ የጤና ባለሙያና የድንገተኛ ስልክ። ስድስተኛ፣ ከቤት የራቀው ነገርና የያዘው ሰው። ሲበላሽ ያየሁት አብዛኛውን ጊዜ አራተኛው ላይ ነው፤ ያልተጠየቀ ሰው ስም ይጻፍና ሌሊት ሲደወልለት ስልኩ ዝግ ይሆናል። ስማቸው የተጻፈ ሰዎች አስቀድመው ይጠየቁ፣ ስልካቸውንም ሌሊት እንዳይዘጉ ይስማሙ። ወረቀቱን በስልክ ፎቶ ማንሳት አይረሳ።

ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሁሉ የበለጠ አደጋ ያለባቸው ናቸው፤ ሰፈሩ ግን «ተሽሎት መጣ» ብሎ አንድ ቀን ጠይቆ የሚበተነው ያኔ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በብራዚል፣ በሕንድ፣ በስሪላንካ፣ በኢራንና በቻይና ሞክረው የተረፉ ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ አነጻጸረ። አንደኛው ወገን የተለመደውን ሕክምና፣ ሌላው ደግሞ አንድ ሰዓት ያህል ምክርና በ18 ወራት ውስጥ ዘጠኝ አጭር የ«እንዴት ነህ» ግንኙነት አገኘ። እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው ውጤት ራሳቸውን በማጥፋት የሞቱት ከመጀመሪያው ወገን 2.2 በመቶ፣ ከሁለተኛው 0.2 በመቶ ነበሩ። ይህን የሚያህል ውጤት የተገኘው በስልክ ወይም በቤት ጥየቃ ነው፤ ጥየቃ ደግሞ የምናውቀው ሥራ ነው።

ዘጠኙ ጊዜያት እነዚህ ናቸው፦ በ1ኛው፣ በ2ኛው፣ በ4ኛው፣ በ7ኛውና በ11ኛው ሳምንት፣ ከዚያ በ4ኛው፣ በ6ኛው፣ በ12ኛውና በ18ኛው ወር። የቀን መቁጠሪያው ላይ አሁኑኑ ምልክት ይደረግና ሁለት ሰዎች ይከፋፈሉት፤ አንድ ሰው ብቻውን ከያዘው ይደክማል ወይም አንዱን ይረሳል። ከበዓል ዋዜማ ጋር የሚገጥም ቀን ካለ ቀደም ይደረግ፤ በግና ዶሮ መግዛት ያልቻለ አባት ሸክም ነኝ የሚለው ያን ሰሞን ነው። ራስን ማጥፋትን ለመከላከል ዓለም የሚያስበው ቀን መስከረም 10 (እ.ኤ.አ.) ሁልጊዜም ጳጉሜን 5 ላይ መዋሉ ለእኛ አገር ይመቻል። ሲደወል «ተሻለህ?» አይባልም፣ «አዎ» ከማለት ሌላ አያስመልስም። «ያ ሐሳብ ከዚያ ወዲህ መጥቶብሃል? ወረቀቱን ተጠቀምክበት? የቱ ሠራ፣ የቱ አልሠራም?» ተብሎ ይጠየቅና ያልሠራው መስመር ተሰርዞ ሌላ ይጻፋል።